በሸጊቱ ፋንታ

«ይሄ መኪና አንድ ሰው ከመጽሐፉ ውስጥ ባንዴ ማውጣት ይችላል?» አለኝ አባቴ ኮምፒዩተሩን እያሳየኝ፣ ገና ቁርስ ሳንበላ።

እኔ ሻዬን ይዤ ኮምፒዩተሩ ያለበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ፤ ሻይ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማንን ነው የምታወጣው ብዬ ስጠይቀው ወደ ግድግዳው እያየ «ሸጊቱን» አለ።

ሸጊቱ ታላቅ እህቱ ናት። እኔ አዳዳ ነው የምላት፤ በእኛ በላፍቶ ኦሮሞዎች ቤት የአባት እህት እንዲህ ነው የምትጠራው። ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ላሞቿን ይዛ ትኖራለች። ከአባቴ ጋር መነጋገር ያቆሙት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። አያቴ ስትሞት አባቴ ጎሬ ያስተምር ነበር፤ እኛም አብረነው እዚያው ነበርን። አዳዳ ሳትጠብቀው ቀበረች። አባቴ ከነአቧራው ከአውቶቡስ ወርዶ ሲደርስ ድንኳኑ እንኳ ተነቅሏል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ቢገናኙ አንዱ በበር ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኛ ቤት መጠየቅ ነውር ነው፣ መኮራረፍ ግን ያስከብራል። የዛሬው ደግሞ የመጣው ከእድር ነው። ትናንት ስብሰባ ላይ አንዱ ነገረኛ አባቴን ጠጋ ብሎ፣ እህትህ እኮ ስለ መጽሐፍህ ሰምታ «ቀብር ያልደረሰ ሰው በመጽሐፍ ሊደርስ ነው» አለች ብሎ ነግሮታል። አባቴ ሌሊቱን ሲገላበጥ ሰምቼዋለሁ። አልጋችን የሚለየው በአንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ እንኳን መገላበጥ ማሰቡም ይሰማል።

ጊዜው ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ጀሞ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ለኮንዶሚኒየም ልጆች ስነግራቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል። በሰፈራችን ኮምፒዩተር ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኛ አልነበረም፣ የጋሽ ኖላዊ ነው። ጋሽ ኖላዊ አሳታሚ ነኝ ይል ነበር። ያኔ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ስለሆነ አሳታሚ ነኝ ያለ ሁሉ ይታመናል። አሮጌ ቮልስ አለችው፤ ቢሮ ግን የለውም። ስለዚህ ወደ መንገድ የሚያየውን ክፍላችንን በወር መቶ ሃምሳ ብር ተከራየ፣ እኔንም ታይፒስት አድርጎ ቀጠረኝ፣ አባቴን ደግሞ መጽሐፉን አሳትምሎታለሁ ብሎ ልቡን ወሰደው። ኮምፒዩተሩ የገባ ቀን ሠርግ የመጣ ነው የሚመስለው። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን በፕላስቲክ ለጠፍነው። ጫማ ሳያወልቁ መግባት ቀረ። ከአሮጌ መጋረጃ ባለ አበባ ልብስ ሰፋሁለትና ማታ ማታ አለብሰዋለሁ፤ ለእኔ እንኳ በዚያ ዓመት አዲስ ልብስ አልተሰፋልኝም። ጎረቤት እየመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየዋል። አንዷ ጎረቤታችን የኮምፒዩተሩ ብርሃን ዓይን ያደክማል ሲሉ ሰምታ፣ ለእኔ አዝና፣ ጎመን ቀቅላ ትልክልኝ ነበር።

ከዚያ በፊት የምመታው በታይፕ ነው። በታይፕ አንድ ቃል የተሳሳተ ሰው ወይ ኮሬክሽን ቀብቶ እፍ እያለ ያደርቃል፣ ወይ ገጹን እንደ አዲስ ይመታል። አባቴ ያኔ ለእኔ ጣቶች እያዘነ ብዙ አያርምም ነበር። ኮምፒዩተሩ ከመጣ በኋላ ግን ለየለት። መጽሐፉ ስለ ልጅነቱ ነው፤ ላፍቶና ሀና ማርያም ገና ገጠር ሳሉ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ከብቱ፣ ኋላም ስለ አስተማሪነቱ። ጠዋት «ነጭ ላም» ያስባለኝን ከሰዓት «ዳለቻ ላም» ያስብለኛል፤ በማግሥቱ ላሚቱ ተመልሳ ትነጣለች። አንዱ ቃል ወጥቶ ሌላው ሲገባ፣ መስመሩ በራሱ ጊዜ ተጠጋግቶ ቦታውን ሲይዝ እያየ ልጅ ሆኖ ይስቃል። «ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አጥፍቻለሁ፣ ያለ ዳስተር ሲጠፋ ግን ያየሁት እዚህ ነው» ይላል። የዚያን ጊዜውን ሳቁን ዛሬም ብሰማው ደስ ይለኛል። በዚያ ጠዋት ግን አልሳቀም።

«አባዬ ተው» አልኩት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም።»

«እኔ የያዝኩት ጸሎት አይደለም፣ መጽሐፍ ነው።»

ምን ይመለሳል! ላዘገየውም አልችልም፤ ጋሽ ኖላዊ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ በፕሪንተር የምናወጣቸውን ገጾች ወደ ማተሚያ ቤት ሊወስድ ተቀጣጥረናል። ዛሬ ካልደረስን ተራችን ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ስለሚገቡ እስከ አዲስ ዓመት ዞሮ የሚያየን የለም። አባቴ ደግሞ የደም ግፊቱ እየጨመረ፣ ሐኪሙም እያስፈራራው፣ መጽሐፉን ሳላይ እንዳልሞት የሚል ነገር ከአፉ አይጠፋም። የቀረኝ መላ አንድ ነው፣ ነገሩን ማክበድ። ስሟን ብናወጣ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ራስ አልባ ይሆናል፤ ወንዙን አዝሎ ያሻገረህ ማን ነው ሊባል ነው? አልኩት። ትንሽ አሰበና «አንዲት ልጅ በያት» አለ።

ፕሮግራሙ ማንን ልፈልግ ብሎ ሲጠይቀኝ «ሸጊቱ» ብዬ መታሁ። በእሷ ፋንታ ማንን ላስገባ ሲለኝ «አንዲት ልጅ» አልኩት። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን ጥቂት አጉረመረመ፣ ገጾቹ ዓይን እስኪያጭበረብሩ ተሯሯጡ፣ አለቀ። ከታች አንድ ቁጥር ወጣ። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ ተጠጋና ይሄ ምንድን ነው አለኝ። ስንት ቦታ እንደነበረች ነው አልኩት። ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «የእናቴንስ ሊቆጥር ይችላል?» አለ። ቆጠርኩለት፤ የእህቱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የራሱን አባት ብቆጥርማ ያፍር ነበር። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች ያሳርመኝ ጀመር፤ እዚህ ነጠላ ሰረዝ፣ እዚያ የቄሱን ስም። ሁሉንም አርሜ በነበረው ላይ አስቀመጥኩት። ዲስኬት ያኔ ውድ ስለሆነ ጋሽ ኖላዊ ሁለተኛ ቅጂ አያስይዘኝም፤ የነበረው በአዲሱ ተተካ ማለት ነው። አባቴ ሲጨርስ ኮቱን ለብሶ፣ ለጀርባው ሽፋን የተነሣውን ጉርድ ፎቶ ሊያመጣ ወደ መካኒሳ አቦ ወጣ።

አሁን ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ያንን መጽሐፍ ከአባቴ ቀጥሎ እንደ አዳዳ የሚያውቀው አልነበረም። ወተትና እርጎ ለደንበኞቿ ስታደርስ በእኛ በኩል ታልፋለች፤ አባቴ መውጣቱን አይታ በመንገዱ በር ብቅ ትላለች። ከሀና ማርያም ታክሲ ስለሌለ በእግሯ ነው የምትመጣው። ኮንጎ ጫማዋን ደጃፍ ላይ አውልቃ፣ የእግሯን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ከኋላዬ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች። «እስቲ ምን አለ» ትለኛለች። አነብላታለሁ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። አባቴ ትምህርት ቤት ሲገባ ከብቱን የተረከበችው እሷ ናት፤ ሁለቱም ከሄዱ ማን ይጠብቃል ተባለና። ስታዳምጥ አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ «ይሄንስ ዋሸ» ትላለች። ስሟን ስጠራ ግን ሁሌ ታስቆመኛለች። «የቱ ጋ ነኝ?» ትላለች። እኔም ጣቴን የኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ አደርግላታለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳላሳያት ራሷ ታገኘው ጀመር፤ ሌላ ፊደል ሳታውቅ ሸጊቱ የሚለውን ብቻ ለየች። ጣቷ የወተት ቅባት ስላለው መስተዋቱ ላይ ምልክት ይተዋል። እሷ ስትሄድ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ጋሽ ኖላዊ ካየ ያብዳል።

ያን ቀንም መጣች። አባቴ ከወጣ ብዙም አልቆየ። እርጎውን ሰጠችኝ፣ ቀለል ያለ ወሬ አወራን፤ መኖ እንደተወደደ፣ አንዷ ላም ወተት እንደከለከለች፣ መካኒሳ ላይ አንዲት ሴትዮ ሊትሩን በሁለት ብር ካልሆነ ብላ እንደተከራከረቻት። ከዚያ ወደ በርጩማው ሄደች። ዛሬ ያልቃል ስላልኳት መጨረሻውን ልትሰማ ነው የመጣችው። ዛሬ ሥራ አለብኝ ልል አሰብኩ፣ አፌ አልታዘዘኝም። የወንዙን ገጽ ከፈትኩና ማንበብ ጀመርኩ። «አንዲት ልጅ» የሚለው ላይ ስደርስ እኔ «ሸጊቱ» እላለሁ። ሸጊቱ አዘለችኝ፣ ሸጊቱ ውሃው እስከ ወገቧ ደረሰ፣ ሸጊቱ አትፍራ አለችኝ። አዳዳ አንገቷን አስግጋ መስተዋቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። እንደገና ከላይ ጀመረች። ጣቷ በአየር ላይ ቆሞ ማረፊያ አጣ።

«እዚህ የለሁም» አለች።

ምን ልበላት? ነገርኳት። አባቴ ዛሬ ጠዋት እንዳስወጣት፣ እድር ላይ የተነገረውንም ነገርኳት። ይገርማችኋል፣ አላበደችም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለች። «ምን ይደረግ፣ አፌ ነው።» እኔንም አፏን ከእሷ ወሰደች ይሉኛል፤ ምናልባት ለዚህ ነው ያን ጊዜ በቤታችን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ያመለጠኝ። «አዳዳ፣ ለምን አልጠበቅሽውም?» አልኳት።

የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከዚያ «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለች። «እናቴ ናት አታስጠሪው ያለችኝ። ልጆች ያስፈትናል፣ ፈተናው ሲያልቅ ይመጣል፣ እኔ የትም አልሄድም አለችኝ። ሄደች። ስልክ ላስደውል በዝናብ እስከ ንፋስ ስልክ ወረድኩ፣ መስመሩ እምቢ አለ። ሬሳ ስንት ቀን ይቀመጣል? ቀበርኳት። አፈር ሲመለስ አንድ እፍኝ በእኔ ስም፣ አንድ እፍኝ በእሱ ስም ጣልኩ። ሰው እብድ መሰልኩት። እሱ ሲመጣ ልነግረው ጠብቄ ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ማዶ ሳል ተሰማ። አባቴ በዋናው በር ገብቶ ኖሯል። መቼ እንደገባ እግዜር ይወቀው። አዳዳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ግድግዳውን አልፋ የምታየው ይመስል አየችው፣ እሱ አልወጣም፣ እሷም አልተጣራችም። ሁለቱም እንዲህ ናቸው፤ ደም ያገናኘውን ኩራት ይለያየዋል። እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ፣ ተናደድኩም። ሁለቱንም በጥፊ ማለት አማረኝ። «ወተቱ እንዳይበላሽብኝ» ብላ ተነሣች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ሄደች።

አባቴ በካልሲው ገባ። የፎቶው ፖስታ በእጁ ነው። ዓይኑን ሳየው ወደ መስተዋቱ ዞርኩለት፤ አባትን እንዲያ ሆኖ ማየት ደስ አይልም።

«መልሻት» አለ።

ሰዓቱ ሄዷል። ማንን ልፈልግ ሲለኝ «አንዲት ልጅ» አልኩት፤ በእሷ ፋንታ «ሸጊቱ»። ቁልፉን ተጫንኩ። ቁጥሩ ከጠዋቱ ከፍ ያለ መሰለኝ፣ ልብ አላልኩትም፤ ደስታና ጥድፊያ አንድ ላይ ይዘውኛል። ፕሪንተሩን አስነሣሁ። ያኔ ፕሪንተር ገጹን አምጦ ነው የሚወልደው፤ አባቴ አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን ገና ሳይበርድ ይቀበላል፣ ያነባል፣ ከሥር ያስቀምጣል። የወንዙ ገጽ ሲደርሰው ሁለት ጊዜ አነበበው። ምሳ ረሳን። ሁለታችንም ሳንነጋገር በጣም ደስ ብሎን ነበር፤ እንደዚያ ያለ ከሰዓት በኋላ በሕይወቴ ብዙ አላየሁም። ጋሽ ኖላዊ ደርሶ የቮልሷን ጡሩምባ ሲነፋ የቀሩን ጥቂት ገጾች ናቸው።

በዚህ መሀል አባቴ አንድ ገጽ ይዞ ቀረ። የጎሬው ነው፣ አስተማሪ ሆኖ መጀመሪያ ክፍል የገባበት ቀን። አቀበለኝ። «ሸጊቱ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር» ይላል። «ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሸጊቱ እጇን አወጣች። በዚያ ዓመት ሸጊቱ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች።» መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ለካ መጽሐፉ ውስጥ ቀድሞውንም የነበሩ «አንዲት ልጅ» የተባሉ ሌሎች አሉ! የጎሬዋ ጎበዝ ተማሪ፣ በወላጆች ቀን ግጥም ያነበበችው፣ ኮሌጅ ገባሁ ብላ ደብዳቤ የጻፈችለት፤ ሁሉንም ሸጊቱ አድርጌያቸዋለሁ። አባቴ ስማቸውን ረስቶ አንዲት ልጅ ብሎ ያለፋቸው ሁሉ አሁን አንድ ሰው ሆነዋል።

ጋሽ ኖላዊ በር ላይ ቆሞ፣ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ ጊዜ አጥቶ፣ «ጋሽ በንቲ፣ ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ነው እኮ» ይለዋል አባቴን። እኔ ትንሽ ታገሠን፣ አንድ በአንድ ፈልጌ ላስወጣት እያልኩ ወንበሩን ሳብኩ። አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ተያት» አለ።

«አባዬ፣ አዳዳ መች ተማረች? ውሸት ይሆናል እኮ።»

ገጹን ከእጄ ወሰደና ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ ደረደረው። «አንዴ ተቀምጣለች» አለ፣ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር በሚናገርበት ድምፁ። «አታስነሻት።»

መጽሐፉ ታትሞ የመጣው ጳጉሜ ላይ ነው። ወረቀቱ ስስ፣ ቀለሙ አንዳንድ ቦታ የደበዘዘ፣ የአባቴ ጉርድ ፎቶ ጀርባው ላይ ጠቁሮ ሌባ አስመስሎታል። ግን አቅፎት አደረ። በማግሥቱ አንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ «ነይ» አለኝና በጭቃው ሀና ማርያም ድረስ በእግራችን ሄድን። አዳዳ ጋጣው በር ላይ ነበረች። አየችው። እሱ ቆመ። ምን ቃል ይጀመራል ብዬ እኔ ነኝ የተጨነቅኩት፤ እሷ «ጫማህን እዚያ አራግፍ» አለችውና ወደ ቤት ገባች። ሰላምታቸው ይኸው ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። አባቴ ማንበብ ሲጀምር እሷ እጇን ታጥባ መጥታ በትከሻው ላይ አጎንብሳ ቆመች፤ ስሟን ባየችበት ሁሉ ጣቷን ታሳርፋለች። ወንዙን አለፉ፣ ከጎሬው ቀድሞ የተተረከውን የእናታቸውን ሞት አለፉ። ጎሬ ደረሱ። አዳዳ ገጹን አየችና ጣቷን አሳረፈች። አነሳችና ደግማ አሳረፈች።

«እዚህም አለሁ» አለች። «እዚህ ምን እሠራለሁ?»

አባቴ አነበበላት። ከፊት ወንበር፣ እጇን ስታወጣ፣ አንደኛ ስትወጣ። ውጭ ጥጃዋ ትጮሃለች።

«እኔ መቼ ተማርኩ?» አለች።

አባቴ ገጹን ወደ እሷ አስጠጋላት። አዳዳ በርጩማውን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እስቲ ድገመው» አለችው።